ኦፒ ካርታና ጀማሪ ተጫዋች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበው ካርታ የሚጫወቱ፣ በስልካቸውም የሚጫወቱ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁን እነዚህን ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦፒ ካርታ የሚባለው ምን ዓይነት ነው?

ኦፒ "ኦቨርፓወርድ" (ከልክ በላይ ጠንካራ) የሚለው አጭሩ ነው፤ ከሚያስከፍለው በላይ የሚሰጥ ካርታ ማለት ነው። እንደ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ፣ ዩጊኦ፣ ፖኬሞንና ሃርትስቶን ባሉ ጨዋታዎች አብዛኛው ካርታ የራሱ ዋጋ አለው። አንዱ ማና (ካርታ ለማውጣት የሚከፈል ኃይል) ያስከፍላል፣ አንዱ ተራ ይበላል፣ አንዱ ሌላ ካርታ ያስጥላል። ዋጋውና ጥቅሙ ሲመጣጠን ጨዋታው ይጥማል። ጥቅሙ ዋጋውን ጥሎት ሲሄድ ተጫዋቹ "ይሄማ ኦፒ ነው" ይላል።

ታዋቂው ምሳሌ በ1993 ማጂክ ሲጀመር አብሮ የወጣው ብላክ ሎተስ ነው። ምንም አያስከፍልም፣ ሦስት ማና ይሰጣል። ሌላው ሰው በአራተኛ ተራው የሚያደርገውን እናንተ በመጀመሪያው ታደርጉታላችሁ። ዩጊኦ ላይ ደግሞ ፖት ኦፍ ግሪድ አለ። "ሁለት ካርታ ሳብ" ይላል፣ በቃ። ይህን የማይፈልግ ዴክ (አንድ ተጫዋች የሚጫወትበት የካርታ ስብስብ) ስለሌለ ለረጅም ዓመታት ታግዶ ኖሯል።

ኮንከርና ክሬዚ ላይም ጆከር አለ። እዚያ ለምን ማንም አያማርርም?

ካርታው የጋራ ስለሆነ ነው። አንዱ ይበውዛል፣ ያድላል። ጆከሩ ዛሬ ለእኔ ቢደርስ ነገ ለእናንተ ይደርሳል። የተሸነፈው "ዛሬ ካርታ እምቢ አለኝ" ብሎ ይስቃል፣ ሌላ ዙር ይጠይቃል። ጆከር ገዝቶ በኪሱ ይዞ የሚመጣ የለም። ከመጣም ጠቡ ሌላ ነው።

እንደ ማጂክና ዩጊኦ ባሉት ጨዋታዎች ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዴክ ይዞ ይመጣል። ማጂክ ላይ አንድ ዴክ በተለመደው አጨዋወት ቢያንስ 60 ካርታ ነው፣ አንድ ዓይነት ካርታ እስከ 4 ማስገባት ይቻላል። ዩጊኦ ላይ ቢያንስ 40 ነው፣ እስከ 3። ሃርትስቶን ላይ 30 ነው፣ እስከ 2። ስለዚህ "ጆከሩን" አራት አድርጎ የሚመጣ አለ፣ አንድም የሌለው አለ። ግማሹ ጨዋታ ገና ሳይገናኙ ቤት ውስጥ፣ ዴክ ሲሠራ ያልቃል። ጀማሪው ይህን የሚያውቀው ከተሸነፈ በኋላ ነው።

ጠንካራ ካርታ ሁሉ ችግር ነው?

አይደለም። ማጂክ ላይ ላይትኒንግ ቦልት የሚባል ካርታ አለ። በአንድ ማና 3 ጉዳት ያደርሳል። ተጫዋች 20 ሕይወት ይዞ ነው የሚጀምረውና 3 ቀላል አይደለም። ግን አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፣ ያልቃል፣ ጀማሪም አንዴ ካየው ይገባዋል። ርካሽና ግልጽ የሆነ ጥንካሬ ጀማሪን አያባርርም፤ እንዲያውም ያስደስተዋል። መጥፎው አንድ ካርታ ብቻውን አራት ሥራ ሲሠራ፣ ቶሎ ሲወጣ፣ ሲወጣ ደግሞ ተጋጣሚው የያዘውን ሁሉ ከንቱ ሲያደርገው ነው።

ጀማሪው ከነባሩ በላይ ለምን ይጎዳል?

ኦኮን እንውሰድ። በኦክቶበር 2019 የወጣ የማጂክ ካርታ ነው፣ ሦስት ማና ያስከፍላል። ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ፣ የመረጠውን ፍጡር (ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ የሚዋጋ ካርታ ነው) ችሎታውን ሁሉ ነጥቆ ተራ አጋዘን ማድረግ ነው። በየተራው ማድረግ ይችላል፣ ሲያደርገውም እሱ ራሱ ይበረታል። አንድ ጀማሪ ልጅ ኦኮ ካለው ዴክ ጋር ሲጫወት አይቻለሁ። ስድስት ማና እስኪሞላለት ጠብቆ ዘንዶውን አወጣ። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው በሁለት እጁ ነው። ተጋጣሚው ቀና እንኳ ሳይል "አጋዘን" አለው። በሚቀጥለው ተራ ሌላ ፍጡር አወጣ። "አጋዘን።" ከዚያ በኋላ ልጁ ካርታዎቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ተወ። ምን ያደርግለታል፣ የተጻፈው ሁሉ ይሰረዛል። አቦሉ ሳይቀዳ ጨዋታው አለቀ።

ነባሩም ለኦኮ ይሸነፋል። ግን ምን እንደሚመጣበት ያውቃል። ኦኮ እንዳይወጣ የሚከለክል ካርታ በእጁ ይይዛል፣ ካልሆነም የራሱን ኦኮ ያወጣል። ጀማሪው ሦስቱም የሉትም፤ እውቀቱም፣ መልሱም፣ ካርታውም። ሜዳ ገብቶ ኳስ ሳይነካ ዘጠና ደቂቃ ሮጦ እንደወጣ ሰው ነው። ኳስ ነክቶ ቢስት እንኳ አንድ ነገር በተማረ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሽንፈት ብቻውን ሰው አያባርርም፣ የሚያባርረው ከሽንፈቱ የሚወሰድ ነገር ሲጠፋ ነው። ልጁ "የቱ ጋ ተሳሳትኩ?" ብሎ ሲጠይቅ እውነተኛው መልስ "የትም፤ ካርታው የለህም" ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ኦኮ ስታንዳርድ ከሚባለው ውድድር የታገደው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 18 ነው። ስድስት ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው፤ ጨዋታውን በእነዚያ ሳምንታት የጀመረ ሰው ያየው ማጂክ ያ ብቻ ነበር።

ኩባንያዎቹ ይህን እያወቁ ለምን ያወጡታል?

ብዙ ጊዜ አያውቁም። ካርታ የሚፈትኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ካርታው በወጣ በመጀመሪያው ቀን ከዓመት ሙሉ ፈተና የሚበልጥ ጨዋታ በመላው ዓለም ይጫወታል። የመጨረሻ ሰዓት ለውጥ ደግሞ ክፉ ነው። በ2004 የወጣው ስከልክላምፕ መሣሪያ ነው፤ የታጠቀው ፍጡር ሲሞት ሁለት ካርታ ያስስባል። ሊታተም ሲል ቁጥሩ ተነካካና የፍጡሩን ጽናት (ሳይሞት የሚችለውን ጉዳት) በአንድ የሚቀንስ ሆነ። ጽናቱ አንድ የሆነ ፍጡር ስታስታጥቁት እዚያው ይሞታል፣ እናንተ ሁለት ካርታ ትስባላችሁ። በአንድ ማና! በዚያው ዓመት ጁን ላይ ታገደ።

ከሃያ ዓመት በኋላም ያው ሆነ። በጁን 2024 ናዱ የሚባል ካርታ ወጣ፣ ኦገስት 26 ላይ ሞደርን ከሚባለው ውድድር ታገደ። ካርታውን የነደፈው ሰው ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ በመጨረሻ የተቀየረው ጽሑፍ በጨዋታ አልተፈተነም ነበር።

ግን ሁሉም በስህተት ነው ብዬ አልሟገትላቸውም። ኩባንያው የሚኖረው አዲስ ፓኬት በመሸጥ ነው። አሮጌው ካርታ ከአዲሱ እኩል ከሆነ ማን ይገዛል? ስለዚህ አዲሱ በትንሹም ቢሆን ከፍ እንዲል ሁልጊዜ ግፊት አለ። በየዓመቱ ትንሽ፣ ትንሽ። ጀማሪ ሆኖ ከወንድሙ የወረሰውን የአሥር ዓመት ዴክ ይዞ የመጣ ልጅ ያን ጊዜ ያየዋል።

ባንና ኔርፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ባን ማለት ካርታው ከውድድር ይወጣል ማለት ነው። ኔርፍ ደግሞ ካርታው ይኖራል፣ ጉልበቱ ግን ይቀነሳል። የታተመ ካርታ በሰው ቤት ስላለ ቁጥሩን መቀየር ያስቸግራል፤ ስለዚህ በወረቀት ጨዋታ ብዙ ጊዜ ምርጫው ባን ነው። ወይም ቁጥር መገደብ። ዩጊኦ ላይ ፈጽሞ የተከለከለ፣ አንድ ብቻ የሚፈቀድና ሁለት ብቻ የሚፈቀድ የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። ብላክ ሎተስም ቪንቴጅ በሚባለው የማጂክ ውድድር እስከ ዛሬ ይፈቀዳል፣ አንድ ብቻ።

አልፎ አልፎ ወረቀቱ ሳይነካ ሕጉ ይቀየራል። በ2020 ማጂክ ኮምፓኒየን የሚባሉ ካርታዎች አወጣ። ከዴኩ ውጭ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ሁልጊዜ እጃችሁ ላይ አንድ ትርፍ ካርታ እንዳለ ቁጠሩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ሕጉ ተቀየረና ወደ እጅ ለማምጣት ሦስት ማና መክፈል ግድ ሆነ። ካርታዎቹ ላይ የታተመው ግን የድሮው ነው። አዲስ ተጫዋች ካርታውን አንብቦ "እዚህ ላይ እኮ አይልም" ቢል አትፍረዱበት።

በስልክና በኮምፒውተር ነገሩ ይፈጥናል። ሃርትስቶን በኤፕሪል 2020 ዲመን ሃንተር የሚባል አዲስ ክላስ (የራሱ ካርታዎች ያሉት ገጸ ባሕርይ) ሲያወጣ በማግስቱ ነው ኔርፍ ያወጀው።

የገዛሁት ካርታ ቢታገድ ገንዘቤ ይመለሳል?

በወረቀት፣ አይመለስም። በታገደ ማግስት ብዙ ጊዜ ዋጋው ይወርዳል፣ አለቀ። ሃርትስቶን ላይ ካርታ ኔርፍ ሲደረግ ለተወሰኑ ቀናት በሙሉ ዋጋው ወደ ደስት (ካርታ የሚሠራበት የጨዋታው ገንዘብ) መልሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሌላ ጊዜ አንድ ሌጀንደሪ (ከሁሉ ብርቅ የሆነ ካርታ) ለመሥራት 1600 ደስት ያስፈልጋል፣ ስታፈርሱት የሚመለሰው 400 ብቻ ነው።

ጀማሪ እዚህም ሁለት ጊዜ ይመታል። መጀመሪያ ካርታው ስለሌለው ይሸነፋል። ከዚያ ተቸግሮ ያገኘዋል። ሲያገኘው ይታገዳል። ነባሩ ሌላ ሦስት ዴክ አለው፤ ጀማሪው ያለው ያ አንዱ ነበር። "ይሄ ካርታ ሊታገድ ይችላል" የሚል ወሬ ስትሰሙ ለአዲስ ልጅ ቶሎ ንገሩት።

ገንዘብ ሳይኖረኝ መወዳደር እችላለሁ?

በስልክ ይቻላል፣ ትዕግሥት ካላችሁ። ያላችሁን ደስት አትበትኑ፣ አንድ ዴክ ብቻ ሥሩ። ሃርትስቶን ላይ ተራ ካርታ የሚያስከፍለው 40 ደስት፣ ሬር (ብርቅ) 100፣ ኤፒክ (ይበልጥ ብርቅ) 400 ነው። ስለዚህ በአንድ ሌጀንደሪ ዋጋ አርባ ተራ ካርታ ይሠራል። ከተራና ከሬር ካርታ የሚሠሩ ፈጣን ዴኮች በየጊዜው ይኖራሉ። ቆንጆ አይደሉም፣ ግን ያሸንፋሉ።

የወረቀቱ ይከብዳል። ጅማ ውስጥ፣ መርካቶም ዙሩ ፈረንጅ አራዳም፣ የምታገኙት የኮንከር ካርታ ነው። የማጂክ ወይም የዩጊኦ ካርታ ከፈለጋችሁ ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ነው። በጁላይ 2024 የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከመቶ አልፏል። ድሮ "ትንሽ ይወደዳል" የምንለው ካርታ አሁን የወር ምሳ ነው። እኛ ጋ ሰው የሚጫወተው በፕሮክሲ ነው።

ፕሮክሲ ማለት ፎቶ ኮፒ ነው? ይፈቀዳል?

አዎ፣ ለጨዋታ ብቻ የታተመ ምትክ ካርታ ነው። በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ በጥቁርና ነጭ ታሳትማላችሁ፣ በመቀስ ትቆርጣላችሁ፣ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ከአሮጌ የኮንከር ካርታ ፊት ትከቱታላችሁ። አሮጌው ካርታ የግድ ነው፤ ወረቀቱ ብቻውን ሲበወዝ ይታጠፋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ በእርጥበቱ ይጣበቃል። ጀርባው የሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ፤ አንዱ ቀይ ሌላው ሰማያዊ ከሆነ ምን እንደምትስቡ ተጋጣሚያችሁ ያውቃል።

ኩባንያው እውቅና በሰጠው ይፋዊ የማጂክ ውድድር ላይ አይፈቀድም። ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ለመሞከርና ለመጫወት ግን ኩባንያው ራሱ ችግር እንደሌለበት ተናግሯል። እንደ እውነተኛ አስመስሎ ቀለም አትሞ መሸጥ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ሐሰተኛ ካርታ ነው።

ፕሮክሲ ከተፈቀደ ሁሉም ኦፒ ካርታ አትሞ አይመጣም?

ይመጣል። ፕሮክሲ የገንዘቡን ችግር ይፈታል፣ የጉልበቱን ችግር ያባብሰዋል። በዶላር ሲገዛ አንድ ብላክ ሎተስ በ2021 ጨረታ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል፤ በፎቶ ኮፒ ግን ለሁሉም እኩል ጥቂት ብር ነው። ስለዚህ ድሮ ውድነቱ ይጠብቀን ከነበረው ካርታ አሁን ሕግ ካልጠበቀን ማንም አይጠብቀንም። በተለይ ከቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የሚመጡት የኢንጂነሪንግ ልጆች ኮምቦ (ካርታዎችን አያይዞ በአንዴ ብዙ ማድረግ) መፍታት ይወዳሉ። ነፃ ከለቀቃችኋቸው ሁለተኛ ተራ ላይ ጨዋታ ይጨርሳሉ። ጎበዞች ናቸው፣ ግን ለብቻቸው ይቀራሉ።

እኔ ራሴ በኦፒው ዴክ ብጀምርስ?

ብዙዎች ይህን ያደርጋሉ። ለሁለት ሳምንት ይሠራል። ከዚያ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ ጠንካራ የሚባሉት ዴኮች ብዙዎቹ ለመጫወት ይከብዳሉ። ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ሰው በሦስት ደቂቃ ያሸነፈበትን ዴክ እናንተ ይዛችሁት ምን እንደሚቀድም ስታሰላስሉ ትሸነፋላችሁ። ሁለተኛ፣ ካርታው ሲታገድ የቀረው ጨዋታ አልገባችሁም። ሲያሸንፍላችሁ የነበረው እሱ ነው።

ለመጀመሪያ ቀጥተኛ የሆነ የጥቃት ዴክ ያዙ፤ ማጂክ ላይ ቀዩ ለዚህ ይመቻል። ሰባት ላይትኒንግ ቦልት 21 ጉዳት ነው፣ ተጋጣሚ ያለው 20 ሕይወት ነው። ከአራት በላይ ስለማይፈቀድ ሌላውን የሚመሳሰሉ ካርታዎች ይሞሉታል። ሒሳቡ ይታያል፣ ስትሸነፉም "ሁለት ጉዳት ቀረኝ፣ ያን ቦልት ፍጡር ላይ ባላባክን ኖሮ" ማለት ትችላላችሁ። ያ ትምህርት ነው።

በስልክ ስጫወት ገና ከጅምሩ የማይቻል ሰው የሚገጥመኝ ለምንድን ነው?

ተጋጣሚ የሚመርጥላችሁ ሶፍትዌር ነው፣ ገና አያውቃችሁም። ጥቂት ጨዋታ እስኪያይ ይሳሳታል። ሃርትስቶን ይህን ለማቅለል በ2018 ለአዲስ ተጫዋቾች ብቻ የሆኑ ደረጃዎችን ከ50 እስከ 26 ዘረጋ፤ ጀማሪ ከጀማሪ ጋር እንዲጋጠም። ክላሽ ሮያል ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ካርታው ራሱ ደረጃ አለው፣ በመጫወት ወይም በገንዘብ ያድጋል። ያው ካርታ የተጋጣሚያችሁ ከፍ ያለ ከሆነ የእናንተው ይወድቃል፤ ኦፒ ይመስላችኋል እንጂ ካርታውስ እናንተም ጋ አለ። እና ደግሞ መብራት ወይም ኔትወርክ ሄዶ የተሸነፋችሁትን ከካርታ ጥፋት አትቁጠሩት።

ዕድል ላይ የቆመ ኦፒ ካርታስ?

ፖኬሞን ቲሲጂ ፖኬት የሚባለው የስልክ ጨዋታ በኦክቶበር 2024 ሲወጣ ሁሉም የረገመው ሚስቲ የምትባለውን ካርታ ነው። ሳንቲም ትጥላላችሁ፣ ዘውድ ወይስ ጎፈር። ጥሩው ገጽ እስከወጣ ድረስ ደጋግማችሁ ትጥላላችሁ፣ በእያንዳንዱ አንድ የውኃ ኃይል ታገኛላችሁ። ግማሹን ጊዜ ምንም አይገኝም። አንዳንዴ ግን አራት ተከታትሎ ይወጣና ጨዋታው በመጀመሪያው ተራ ያልቃል።

ያናድዳል፣ ግን ጀማሪን በማባረር ሚስቲን ብዙ አልከሳትም። ካርታዋን ማግኘት ከባድ አይደለም። ሳንቲሙ ደግሞ ነባርና ጀማሪ አይለይም፤ አዲሱ ልጅ አንዳንዴ ጎበዙን ያሸንፍበታል። በእኔ ግምት በሚስቲ የሚማረሩት ከጀማሪዎቹ ይልቅ ነባሮቹ ናቸው።

መልስ ያለው ካርታ ኦፒ ይባላል? "ይህን ብትይዝ ኖሮ ታቆመው ነበር" ይሉኛል

ይህ ክርክር በየጠረጴዛው አለ። እውነት ነው፣ ለአብዛኛው ካርታ መልስ አለ። ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። መልሱን ጀማሪ ያውቀዋል? ያገኘዋል? መልሱ ከካርታው ይረክሳል? ሦስት ማና የሚያስከፍለውን ለማቆም አራት የሚያስከፍል ከሆነ፣ እሱም እስኪመጣ ካርታው ሥራውን ጨርሶ ከሆነ፣ መልስ አለ አይባልም። ሌላም ምልክት አለ። ሁሉም ሰው አንዱን ካርታ ለማቆም ብሎ ዴኩን ከቀየረ፣ ካርታው ባይወጣ እንኳ ጨዋታውን እየገዛው ነው።

ባለሙያዎቹም አይስማሙም። ዩጊኦ ላይ ማክስ ሲ የሚባል ካርታ አለ። ተጋጣሚ በልዩ መንገድ ጭራቅ ባወጣ ቁጥር አንድ ካርታ ያስስባችኋል። ጃፓን ውስጥ ለዓመታት ሲፈቀድ በምዕራቡ ውድድር ግን ታግዷል። አንዱ ወገን "ረጃጅም ኮምቦ የሚገታው እሱ ነው" ይላል፣ ሌላው "እሱን ያልሳበ ይሸነፋል" ይላል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፣ ምክንያቱም ጀማሪው ምን እንደገታው እንኳ አይገባውም።

ሁሉም ካርታ እኩል ቢሆን አይሻልም?

አይጥምም። ምን ማስገባት፣ ምን መተው የሚለው ጥያቄ ይጠፋል፤ እሱ ደግሞ የጨዋታው ግማሽ ነው። እኩልነት የሚፈልግ ሰው ድራፍት ይሞክር። ሁሉም ከአንድ ክምር ተራ በተራ እያሳለፈ ይመርጣል፣ ከመረጠው ዴክ ይሠራል። ጠንካራው ካርታ ለማንም ሊደርስ ይችላል። ከጆከሩ ጨዋታ ጋር የሚቀራረበው ይህ ነው፣ ከቤት ይዞ የሚመጣ የለም።

እኛ ከጓደኞቻችን ጋር ስንጫወት ምን ሕግ ብናወጣ ይሻላል?

ይፋዊውን የእገዳ ዝርዝር እንደ መነሻ ያዙ፣ ከዚያ የራሳችሁን ጨምሩ። እኛ ጋ የሠራው እንዲህ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ሁለቱም የሚጫወቱት ነባሩ በሠራቸው ሁለት ተመጣጣኝ ዴኮች ነው። አንድ ዙር ካለቀ በኋላ ዴክ ይቀያየራሉ። ልጁ በተሸነፈበት ዴክ ራሱ ሲያሸንፍበት ነገሩ ካርታው ብቻ እንዳልሆነ ያያል። ካላሸነፈበትም ያያል። የመጀመሪያው ዙር እጅ ተገልጦ ነው፤ ነባሩ "ይህን የያዝኩት ያንተን ዘንዶ እየጠበቅኩ ነው" ይለዋል።

ሁለተኛው ሕግ፣ በዕለቱ ብዙ የተሸነፈው ሰው ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ካርታ ያሳግዳል። ለአንድ ሳምንት ብቻ። መጀመሪያ ላይ ሰው የሚያሳግደው ጠንካራውን ሳይሆን ያናደደውን ነው፤ እጅ የሚያስጥል ካርታ፣ ተራ የሚያሳልፍ ካርታ። ይሁን፣ አያስቸግርም። ቀስ በቀስ እያወቁ ሲመጡ በትክክል የሚጎዳውን ይነካሉ። እዚህ ላይ ነባሩ ቢያለቃቅስ ሌላ ዴክ ይሥራ፤ ይችላል።

የማይሠራው ደግሞ "ጨዋ ሆናችሁ ተጫወቱ" የሚለው ነው። የሁሉም ጨዋነት የተለያየ ነው። የካርታውን ስም ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ነባሮቹ "እኛም ተደብድበን ነው የተማርነው" ይላሉ። ተሳስተዋል?

ግማሽ እውነት አላቸው። መሸነፍ ያስተምራል። ግን ይህን የሚሉት የቀሩት ናቸው። ተደብድበው የሄዱት እዚህ ስለሌሉ አይናገሩም። ኩባንያዎቹም ሰው ሲቀንስ ያዩታል። በማርች 2005 ማጂክ ስታንዳርድ ላይ አፊኒቲ የሚባለውን ዴክ ለማቆም ስምንት ካርታ በአንድ ጊዜ አገደ። በ2011 ደግሞ ጄስና ስቶንፎርጅ ሚስቲክ የሚባሉትን ካርታዎች ሲያግድ፣ ወደ ውድድር የሚመጣው ሰው ቁጥር መቀነሱ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ካርታ ሻጩ ራሱ የሚሸጠውን ካርታ ያገደው ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ሒሳቡ የባሰ ነው። ከምንጫወተው ብዙዎቹ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ተመርቀው ይሄዳሉ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አገሩ። በየዓመቱ ጎበዞቹ ናቸው የሚሄዱት። በጥቅምት የመጡትን አዲሶች በኅዳር ካባረርን፣ በሐምሌ ጠረጴዛው ላይ የሚቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም የእርስ በርስ ዴካቸውን በቃላቸው ያውቁታል።

ለጀማሪ ሆን ብዬ ልሸነፍለት?

አይሆንም። ያውቅባችኋል። ካላወቀ ደግሞ የሚማረው የተሳሳተ ነገር ነው፤ መጥፎ ጨዋታው እንዳሸነፈ ያስባል። ደካማ ዴክ ያዙና በሙሉ ልባችሁ ተጫወቱ። ፎቶ ኮፒ ስታሳትሙ ለዚህ የሚሆን አንድ ዴክ ጨምራችሁ አሳትሙ፣ አንድም የታገደ ወይም ሊታገድ ነው የሚባል ካርታ አይኑርበት። ያንኑ ዴክ ልጁ ወደ ዶርሙ ይዞት ቢሄድ አትከልክሉት።